የእንሰቱ ቀይ የእኔ ነው

አየር ጤና ታክሲ ተራውን አለፍ ብሎ ባለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት አለ። ባለፈው ማክሰኞ እዚያ ወረፋ ይዤ፣ ያበጠ ጉንጬን በነጠላዬ ጫፍ ደግፌ ተቀምጬ ሳለ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ የተሰቀለ ሥዕል ዓይኔን ያዘው። መስታወት ውስጥ የገባ፣ ዳር ዳሩ ወየብ ያለ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ላይ አንድ እንሰት ቆሟል። ግንዱ ከታች ደልደል ብሎ ወፍሯል፣ ቅጠሎቹ ወደ ላይ ተዘርግተዋል፣ እያንዳንዱን ቅጠል ከግንዱ እስከ ጫፉ ለሁለት የሚከፍለው ወፍራም ጅማት ደግሞ ቀይ ነው፣ የጡብ ቀይ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘኝ ያደረው ጥርሴ ባንዴ ጸጥ ያለ መሰለኝ።

ተነሥቼ ከሥሩ ቆምኩ። መነጽሬን አውልቄ በቀሚሴ ጠረግሁና መልሼ አየሁት። ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠችው ልጅ፣ «እማማ፣ ተራዎ ገና ነው፣ ቁጭ ይበሉ» አለችኝ። «ይሄን ማን እንደቀባው ታውቂያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ቀና ብላ እንኳን ሳታይ፣ «ህትመት እኮ ነው፣ እማማ። ዶክተር አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች ነው የገዛው» አለችኝ።

ህትመት አይደለም። መስመሩ ህትመት ነው፣ ቀለሙ ግን የሰው እጅ ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ስለ ብዙ ነገር ተከራክሬ ተረትቻለሁ፤ ስለ ልጆቼ ጋብቻ ተረትቻለሁ፣ ስለ ጓሮዬ ከደላሎች ጋር ተከራክሬ ተረትቻለሁ፣ በቀደም ዕለት እንኳን ከአንድ የታክሲ ረዳት ጋር ስለ መልስ ተከራክሬ ተረትቼ ወርጃለሁ። በዚህ ግን አልረታም። ያ ቀይ የማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ እኔም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ቤታችን ኮልፌ ነበር፣ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው ከእግር ላይ ጫማ በሚቀማበት ሰፈር። አባቴ የቃጫ ገመድ ነጋዴ ነበር። ቃጫ ከእንሰት ተፍቆ የሚወጣው ጭረት ነው፤ ስለዚህ የምንበላው ቆጮ፣ የምንቀመጥበት ምንጣፍ፣ የተማርኩበት ደብተር ሳይቀር ከአንድ ተክል የመጣ ነው ብል አላጋነንኩም። ጓሯችን ውስጥ ደግሞ እናቴ ችግኛቸውን በጆንያ ጠቅልላ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ አስጭና ከአገር ቤት ያመጣቻቸው ሦስት እንሰቶች ነበሩ። ጎረቤቶቻችን በየበዓሉ ዋዜማ ዳቦ ሊጋግሩ ሲሉ «እስቲ ኮባ ቁረጡልን» እያሉ ይመጣሉ። እናቴ ትቆርጥላቸዋለች፤ ከሄዱ በኋላ ግን «ምግቡን ትተው ቅጠሉን!» እያለች ትስቅባቸዋለች። የሦስቱም እንሰት ጅማት ቀይ ነበር። ዝናብ ሲያጥበው ይበልጥ ይደምቃል፤ እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ቅጠሉ ሥር ተጠልዬ፣ የዝናቡን ድምፅ እያዳመጥኩ ቀና ብዬ የማየው ያንን ቀይ ነበር።

ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ እትዬ ትርፌ ይኖሩ ነበር። ባላቸው ሞተውባቸዋል፣ ልጅ አልወለዱም፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲቆጡም ድምፃቸው ከፍ የማይል ሴት ነበሩ። እንደኛው ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው፣ አበባ ትሥል በነበረች አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ቤት ሲያገለግሉ ሥራውን ለመዱት። መጀመሪያ ብሩሽ ያጥቡ ነበር፣ ቀጥሎ ቀለም መበጥበጥ ጀመሩ፣ ኋላ የሴትዮዋ እጅ መንቀጥቀጥ ሲያበዛ ቅጠሉን የሚቀቡላት እሳቸው ሆኑ። ሴትዮዋ ወደ አገሯ ስትገባ ብሩሾቿን ትታላቸው ሄደች፣ ከብሩሾቹም ጋር ወሬውን።

ወሬው እንዲህ ነው። በፈረንጅ አገር ማተሚያ ቤት ቀለም ማተም ከመቻሉ በፊት የዕፅዋት መጽሐፍ በጥቁር መስመር ብቻ ይታተም ነበር አሉ። ሠዓሊው አንዱን ቅጂ በራሱ እጅ ይቀባና «ይሄን አስመስሉ» ብሎ ይሰጣል። ከዚያ ሴቶችና ልጆች አንድ ጠረጴዛ ከበው፣ ለየራሳቸው አንድ አንድ ቀለም ተሰጥቷቸው፣ ወረቀቱን ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፉ መቶም ይሁን ሁለት መቶ ቅጂ ቀብተው ይጨርሳሉ። ያን መጽሐፍ የገዛ ሐኪም መድኃኒቱን ከመርዙ የሚለየው በእነሱ ቀለም ነው። ከሥዕሉ ግርጌ የሣለው ሰው ስም ይጻፋል፣ ያተመው ሰው ስም ይጻፋል፣ የቀቡት ሰዎች ስም ግን የትም የለም። እትዬ ትርፌ ይሄን አብረናቸው ለምንቀባው ሦስት ልጆች ሲነግሩን እጃቸው ከሥራው አይለይም፤ እኛም እንደ ተረት እንሰማቸው ነበር እንጂ ስለ ራሳችን እንደሚያወሩ አልገባንም።

የእትዬ ትርፌ ጠረጴዛ በር ነበር። ከፈረሰ ቤት የተገዛ እውነተኛ በር፣ በሁለት በርሜል ላይ የተጋደመ። እጀታው እንኳን አልተነቀለም፤ ቢጫዋ ነጠላዋን የምታንጠለጥለው እሱ ላይ ነበር። ቢጫዋ ስል የቆዳዋን መልክ ማለቴ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ስንቀመጥ ስማችን ቀርቶ በቀለማችን ነበር የምንጠራራው። መጀመሪያ የምትቀባው ቢጫዋ ናት፣ ምክንያቱም አረንጓዴ ነፍስ የሚዘራው ከሥሩ ቢጫ ሲኖር ነው። ሁለተኛዋ አረንጓዴዋ፣ ሙሉ የምትባል ከሁላችን ትልቅ የሆነች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ። ሦስተኛዋ ቀይዋ፣ እኔ። ከእኔ እጅ ሲወጣ እትዬ ትርፌ ራሳቸው ቡናማውንና ጥላውን ይጨምሩበታል፣ ስሕተት ይፈልጉበታል፣ ከዚያም ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቅሉታል። ገመዱ የአባቴ ቃጫ ነበር። ቀለሞቹን አፋቸው በተሸረፈ ሲኒዎች ነበር የምናኖራቸው፤ የግራር ሙጫ በውኃ ተዘፍዝፎ አድሮ ቀለሙ ውስጥ ይጨመራል፤ ያ ሽታ፣ በክረምት እርጥበትና በከሰል ምድጃው ሙቀት ታፍኖ፣ ክፍሉን ሁሉ ይሞላው ነበር።

ቀይ መሆን ቀላል እንዳይመስላችሁ። አረንጓዴዋ ሥራ አታጣም፣ ቅጠል የሌለው ተክል የለም። ቀይዋ ግን ትጠብቃለች። የቡናው ፍሬ ሲመጣ፣ ቀጋው ሲመጣ፣ በርበሬው ሲመጣ፣ የሁለት ልጆች ድካም በእኔ ብሩሽ ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል፤ አንዲት የቡና ፍሬ ከመስመሯ ብታመልጥ ወረቀቱ በሙሉ ተበላሸ ማለት ነው። ማንም ያልጻፈው፣ ሁላችንም ግን የምናውቀው አንድ ሕግ ነበረን፤ አረንጓዴዋ ሳትነካው ያለፈችው ቦታ የቀይዋ ነው። ይሄን ሕግ ያዙልኝ፣ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

ብሩሽ በከንፈር ማሾል ክልክል ነበር። በድሮ ዘመን አረንጓዴው መርዝ ነበረበትና ስንቷን የፈረንጅ ልጅ እንደጨረሰ እትዬ ትርፌ ደጋግመው ነግረውናል። እኔ ግን የእኔው ቀይ ነው እያልኩ፣ እሳቸው ዞር ሲሉ ጠብቄ ጫፉን ከንፈሬ ውስጥ እልከው ነበር። ማታ ቤት ስገባ እናቴ ከንፈሬን አይታ «ገና በአሥራ ሁለት ዓመትሽ ሊፒስቲክ?» ብላ በማማሰያ አሯሯጠችኝ። አባቴ መሐል ባይገባ ኖሮ የሥዕል ሥራዬ በዚያው ያበቃ ነበር።

ሥራውን ያመጡልን አቶ ተሰማ የሚባሉ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰው ናቸው። በበጋም በክረምትም ከጃንጥላቸው የማይለዩ፣ ወረቀት ሁለት ጊዜ ቆጥረው የሚሰጡ፣ ሁለት ጊዜ ቆጥረው የሚቀበሉ ሰው ነበሩ። መሥሪያ ቤታቸው ስለ አገራችን ጠቃሚ ዕፅዋት ለክቡራን እንግዶች የሚሰጥ ትልቅ መጽሐፍ ያዘጋጅ ነበር። በቀለም ለማሳተም ውጭ አገር መላክ ግድ ስለሆነባቸው በጥቁር አሳትመው፣ ከየሥዕሉ ሃምሳ ሃምሳ ቅጂ ለእኛ አመጡ። ከሃምሳው ጋር ቢሮ ውስጥ የተቀባ አንድ ናሙና ይመጣል፤ ጀርባው ላይ «ትክክል» የሚል ማኅተም ተመቶበታል። ናሙናው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ እኛ እሱን እናስመስላለን።

አቶ ተሰማ ክፉ ሰው አልነበሩም። የቡናውን ሥዕል ሲረከቡ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አውጥተው፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዘው ብዙ ቆዩና፣ «ይሄ በደህና ይለቅ እንጂ፣ ቀጥሎ የወፎቹ መጽሐፍ አለ» አሉን። ወፎች! ቀይ ለሆነች ልጅ የወፍ መጽሐፍ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የቡና ፍሬ መጠበቅ ቀረ፣ ክንፍ አለ፣ ደረት አለ፣ አናት አለ። ሌሊት በሕልሜ ወፍ እቀባ ጀመር። እትዬ ትርፌም ምንም ባይናገሩ፣ ያኔ ለመኖሪያ ከሚሸጡት ቅቤ ላይ ሐሳባቸው እየተነሣ እንደሄደ እናይ ነበር፤ አንድ ቀን አናጢ ጠርተው የእውነት ጠረጴዛ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ሲጠይቁት ሰምቻለሁ። ሁላችንም የምንኖረው ለወፎቹ ነበር፣ ወፎቹ ደግሞ በአቶ ተሰማ እጅ ነበሩ።

የእንሰቱ ተራ የደረሰው ነሐሴ ሲያልቅ ነው። በዚያ ቀን የእድራቸው ሰው ሞቶ እትዬ ትርፌ ጥቁር ለብሰው ወደ ቀብር ሄዱ፣ ጠረጴዛውን ለሙሉ አደራ ብለው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ቀለም በእርጥበቱ አልደርቅ እያለ ያስቸግራል። ሙሉ ቅጠሉን በጥቁሩ አረንጓዴ ቀብታ፣ ጅማቱን ግን ቅጠሉ ሲደርቅ ፈዘዝ ባለ አረንጓዴ ልመለስበት ብላ በቢጫዋ ቀለም ብቻ ትታ አሳለፈችልኝ። እሷ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። አረንጓዴዋ ሳትነካው ያለፈችው ቦታ የቀይዋ ነው። ናሙናውን ቀና ብዬ እንኳን አላየሁትም፤ እናቴን ለማወቅ የእናቴን ፎቶግራፍ ማየት ያስፈልገኛል እንዴ? ቀዩን ነከርኩና ከግንዱ ጀምሬ እስከ ጫፉ ሳብኩት። እንደዚያን ቀን እጄ ተፈትቶልኝ አያውቅም። አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል፣ ወረቀቱ በወረቀት ላይ እየተተካ ክፍሉ በእኛ ጓሮ የተሞላ መሰለኝ።

አርባ ሦስት ከቀባሁ በኋላ ሙሉ ፈዘዝ ያለውን አረንጓዴ በጥብጣ መጣችና ሲኒዋን ይዛ ደርቃ ቀረች። «ቀይዋ፣ ምን ጉድ ነው የሠራሽው?» አለችኝ። እጄን ይዛ ናሙናው ሥር አቆመችኝ። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት፤ እንሰቱ ከሥሩ እስከ ጫፉ አረንጓዴ፣ ጅማቱም አረንጓዴ፣ ከሙዝ የማይለይ። ቢጫዋ ማልቀስ ጀመረች። ሙሉ «ወፎቹን በላሻቸው» አለችኝ፣ እሷም ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። ፈራሁ። ግን ናሙናውን ባየሁት ቁጥር ፍርሃቴ ወደ ንዴት ተለወጠብኝ፤ ይሄን የቀባ ሰው አንድ ቀን እንኳን እንሰት ሥር አልተጠለለም። ገና ያልቀባኋቸው ሰባት ነበሩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩና ሰባቱንም ቀይ አደረግኋቸው።

እትዬ ትርፌ ከቀብር ሲመለሱ ገና አልመሸም ነበር። ሃምሳው እንሰት ቃጫው ላይ ተሰቅሏል። ደጃፉ ላይ ቆመው ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ማን እንደሆነ አልጠየቁም፣ ቀይ የማን እንደሆነ የታወቀ ነው። ከገመዱ ላይ አንዱን ወረቀት አወረዱና በነጠላቸው ከካፊያው ጋርደው ወጡ፤ እኔ ከኋላቸው ተከተልኩ። በአጥራችን ቀዳዳ ወደ ጓሯችን ገብተው፣ ወረቀቱን ከትልቁ እንሰት ቅጠል አጠገብ አስጠግተው ያዙት። አባቴ ገመድ ሲጠቀልል ነበርና አይቶን መጣ።

«አስካለ፣ አንቺ ናሙናውን ሳታዪ ሠራሽው» አሉኝ እትዬ ትርፌ። «እኔ ግን ከመጣበት ቀን ጀምሮ አይቼ ዝም ብያለሁ። የቢሮው ቀቢ የሙዙን ሥዕል ቀብቶ የተረፈውን ቀለም ነው የደፋበት፣ ገብቶኛል። ወፎቹ እንዳይቀሩብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

አባቴ ነገሩን ሲሰማ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ትርፌ፣ ዝም አይነቅዝም። ደግሞስ ጅማቱ አረንጓዴ የሆነ እንሰትም አለ፣ ማን ይጠይቅሻል? ነጭ ቀላቅለሽ ወፈር ባለ አረንጓዴ ሸፍኚውና ወፎችሽን ተቀበዪ» አላቸው።

«ዝም አይነቅዝም ይላሉ፣ እኔ ግን በሁለት ሳምንት ነቅዤአለሁ» አሉት። «አረንጓዴውን እንሰት አይቶ የቀባ ሰው ቢሆን እሺ ብዬ እሸፍነው ነበር። ይሄ ያየው ሙዝ ነው። እኛ እዚህ እያለን፣ በልተነው አድገን፣ በእጃችን ሙዝ ብለን እንጻፈው?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የምመታ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ቀይሽ ግን ደምቋል» አሉኝ፤ «የቡና ፍሬ አይደለም እኮ የምትቀቢው። ነገ ቡናማ እሰጥሻለሁ፣ ሳሳ አድርገሽ ትመለሺበታለሽ። እዚህ ጋ ደግሞ፣ የላይኛው ቅጠል ጎንበስ የሚልበት ቦታ ላይ፣ ከመስመር ወጥተሻል። ሁሉም ላይ እዚያው ቦታ ነው የወጣሽው።» እውነታቸውን ነበር፤ እዚያ መታጠፊያ ላይ ብሩሼ ሁልጊዜ ያመልጠኝ ነበር።

አቶ ተሰማ የመጡት ለመስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ሰፈራችን ግማሹ ወደ አገር ቤት ለመሄድ ጓዙን ጠቅልሏል፣ የእኛም ቤት በር ላይ ዕቃ ተከምሯል። ወረቀቶቹን አንድ ጊዜ ቆጠሩ፣ ሁለተኛውን ሲጀምሩ እጃቸው ቆመ። «ወይዘሮ ትርፌ፣ ይሄ ቀይ ከየት መጣ?»

እትዬ ትርፌ የሙዙን ናሙናና የእንሰቱን ናሙና ጎን ለጎን አስቀመጡላቸው። «ይዩት» አሉ፤ «አንድ ሳህን ነው፣ አንድ ብሩሽ ነው፣ አንድ ቀን ነው። የቀለሙ ደለል እንኳን አንድ ነው።» ከዚያ ከጓሯችን ያስቆረጡትን የእንሰት ቅጠል፣ በሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያክለውን፣ ከነጠብጣቡ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት። ውኃው በበሩ ስንጥቅ ወደ መሬት ይንጠባጠባል። አቶ ተሰማ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አወጡ። ብዙ አዩት። ቅጠሉን ያመኑ መሰለኝ፣ እስከ ዛሬም አምነዋል እላለሁ።

«ልክ ነዎት ይሆናል» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ግን የማመሳክረው ከማኅተሙ ጋር ነው እንጂ ከጓሮ ጋር አይደለም። የዳቦ ቅጠል ነው፣ ወይዘሮ ትርፌ፤ ማን አየው ብለው ነው? በአረንጓዴ ይሸፍኑትና ነገ ልመለስ።»

«በማኅተም ያደገ ልጅ አላየሁም» አሉ እትዬ ትርፌ፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ። «በዚህ ያደገች ግን ይችውና። አልሸፍንም፣ አቶ ተሰማ።»

«ለመሆኑ ይሄን የቀባው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ።

እኔ ከወንበሬ ተነሣሁ። ድምፄ፣ ራሴን እስኪገርመኝ፣ ጮክ ብሎ ወጣ። «እኔ ነኝ! ቀዩ የእኔ ነው!» አቶ ተሰማ ጣቶቼን አዩ፣ ከንፈሬን አዩ፤ እትዬ ትርፌም ያኔ ከንፈሬን አይተው ብሩሽ እንደምልስ አወቁ፤ በዚያ ሁሉ መሐል «ቆይ ብቻ» በሚል ዓይን ገላመጡኝ። አቶ ተሰማ ወረቀቶቹን በሙሉ፣ ቡናውንም ቀጋውንም እንሰቱንም፣ በጨርቅ ጠቀለሉ። ጃንጥላቸውን ያዙ። ደጃፉ ላይ ደርሰው፣ «ያሳዝናል፣ እጃችሁ ጥሩ ነበር» አሉ። ወፎቹ አልመጡም።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ አንድ የቢሮ ቀቢ በሰነፈው የእኛ ጠረጴዛ ፈረሰ። ሙሉ ለሁለት ወር አላናገረችኝም፣ ኋላም ታርቀን አገባችና ወደ ጅማ ሄደች። በሩ ከበርሜሎቹ ላይ ወርዶ የእትዬ ትርፌ ማድ ቤት በር ሆነ፤ ሲከፈትና ሲዘጋ የቢጫ፣ የአረንጓዴና የቀይ ጠብታዎቻችን ይታዩበት ነበር። እሳቸው ወደ ቅቤያቸው ተመለሱ። መጽሐፉ ተጠርዞ ወጣ ሲባል ሰማን፤ አንድም ቅጂ ኮልፌ አልደረሰም። ሌላ ሰው ተቀጥሮ ቀዩን ሸፍኖት ይሁን፣ ሃምሳው እንሰት ተቀድዶ ይሁን፣ እንዳለ ገብቶ ይሁን፣ የሚነግረን አልነበረም። ከጥቂት ዓመት በኋላ መንግሥት ተለወጠ፤ መሥሪያ ቤቱም አቶ ተሰማም የት እንደገቡ ጠፋ።

እትዬ ትርፌ ስለ ወፎቹ አንድም ቀን ሲቆጩ አልሰማሁም። ተቆጭተው ይሆናል፣ ቅቤ ሲመዝኑ እጃቸውን አይቼ የጠረጠርኩበት ጊዜ አለ፣ ግን አልነገሩኝም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ስይዝም፣ ስወልድም፣ ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር ጨዋታው ሲያልቅ፣ «አንቺ ቀይ፣ ሸፍነውት ይሆን?» ይሉኝ ነበር። ታመው የተኙ ጊዜም ጠየቁኝ። «አልሸፈኑትም» አልኳቸው፤ ሳላውቅ ነው የተናገርኩት። እሳቸውም ሳላውቅ እንደተናገርኩ አውቀው፣ እጄን ጨብጠው ፈገግ አሉ። እንዲያ ሆነው ሞቱ።

ዛሬ ኮልፌ ጓሮ የሚባል ነገር የቀረው ለጥቂት ሰው ነው። የእኛው ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ ቆሟል፣ ከሥሩ የሴራሚክ ሱቅ አለ፤ እንሰቶቹ የነበሩበት ቦታ የመኪና ማቆሚያ ነው። የልጅ ልጆቼ ቆጮ የሚበሉት ክትፎ ቤት ሄደው ነው፣ ከምን እንደሚሠራም አይጠይቁም። የቀለም ሥዕል ከፈለጉ ስልካቸው ላይ በአንድ ጊዜ ሺህ ያወጡልኛል፤ እንሰት አውጡልኝ ብላቸው አንዳንዴ ሙዝ ያመጡልኛል። የቢጫዋ ነጠላ፣ የሙሉ ሲኒ፣ የሙጫው ሽታ፣ ሃምሳ ወረቀት የተሸከመው የአባቴ ገመድ፣ ሁሉም ሄዷል። ይሄን ሁሉ እቀበላለሁ። ባልቀበልስ ማን ይሰማኛል?

እናም ባለፈው ማክሰኞ አየር ጤና፣ ያበጠ ጉንጬን ይዤ እዚያ ሥዕል ሥር ቆሜ፣ የላይኛው ቅጠል ጎንበስ የሚልበትን ቦታ ፈለግሁ። ቀዩ እዚያች መታጠፊያ ላይ ከመስመሩ ወጥቷል። ትንሽ ነው፣ የስንዴ ፍሬ አያክልም። ከላዩ የተደረበ ምንም አረንጓዴ የለም። የቡናማው ጥላ እትዬ ትርፌ እንዳሉኝ ሳሳ ብሎ ተኝቶበታል። አልሸፈኑትም። እትዬ ትርፌ፣ አልሸፈኑትም!

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ፣ ከእንባዬ ጋር ደግሞ የድሮው ንዴቴ መጣ። ከሥዕሉ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የሣለው ሰው ስም ተጽፏል፣ ያተመው ማተሚያ ቤት ስም ተጽፏል፤ ሌላ የለም። ወንበር ሳብኩ፣ ወጣሁበት፣ ፍሬሙን ከሚስማሩ አወረድኩት። ወረፋ የያዙት ሰዎች ተነሡ። ልጅቷ ከኮምፒውተሯ ዘላ መጣች። «እማማ፣ ምን ነካዎት? ይወድቃሉ!» አለች፣ ክንዴን ይዛ እያወረደችኝ። «እስክሪብቶ ስጪኝ» አልኳት፤ ግራ ገብቷት ሰጠችኝ። ፍሬሙን ገልብጬ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።

«እማማ፣ የሰው ንብረት ላይ ይጽፋሉ እንዴ?»

«የራሴ ላይ ነው የምጽፈው» አልኳት።

ሥዕሉን ከኋላ የደገፈው ካርቶን ሻካራ ነበር፣ እስክሪብቶው እያንገራገረ ሄደልኝ። አረንጓዴ፣ ሙሉ። ቀይ፣ አስካለ። ቡናማና ጥላ፣ እትዬ ትርፌ። ቢጫ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ስሟ አልመጣልኝም። አንድ ክረምት ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ማልቀሷን አስታውሳለሁ፣ ነጠላዋን አስታውሳለሁ፣ ስሟ ግን የለም፤ እኔም እንደዚያ መጽሐፍ ሆንኩባት። «ቢጫ፣ ነጠላዋን በሩ እጀታ ላይ የምትሰቅለው ልጅ» ብዬ ጻፍኩ። የሚያውቅ ካለ ይሙላው።

ከዚያ ከስሞቹ በታች፣ ማኅተሙ ሊመታ በሚገባው ቦታ ላይ፣ እስክሪብቶውን ጫን አድርጌ፣ በእትዬ ትርፌ ፈንታ አንድ ቃል ጨመርኩ።

ትክክል።